በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት ገዝቶ ማከራየት፦ ኮንዶሚኒየም ይሻላል ወይስ ሰርቪስ ያለው ግቢ?

ጥያቄ — ጀማሪው ከሰሚት

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች ሁሉ። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም የመንግሥት ሠራተኞች ነን። ላለፉት 11 ዓመታት ከደመወዝና ከዕቁብ ያጠራቀምነው፣ በቅርቡም ከወላጆቼ ውርስ የደረሰኝ ድርሻ የተጨመረበት 4 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር በእጃችን አለ። የምንኖረው በዕጣ በደረሰን ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ለራሳችን መጠለያ አንቸገርም፤ ሐሳባችን በዚህ ገንዘብ ሁለተኛ ቤት ገዝተን በማከራየት ለልጆቻችን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚደጉም ገቢ ማግኘት ነው። ተከራይ ሆነን ለብዙ ዓመታት ኖረናል፤ አከራይ ሆነን ግን አናውቅም።

እስካሁን ሁለት ቤቶች አይተናል። የመጀመሪያው ቱሉ ዲምቱ የሚገኝ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሻጩ 4 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ይላል። የባንክ ዕዳው ስላላለቀ ካርታ እጁ ላይ የለም፤ ደላላው ግን «ውክልና ይሰጣችኋል፣ ዕዳውን እናንተ እየከፈላችሁ ትቀጥላላችሁ፣ ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው» ብሎናል። ይኸው ደላላ ቤቱ በወር 16,000 ብር እንደሚከራይ በእርግጠኝነት ይናገራል። ሁለተኛው በለገጣፎ በኩል ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ የሚገኝ 140 ካሬ ግቢ ነው። ሦስት ክፍል ያለው ዋና ቤትና ከበስተኋላ የተደረደሩ አራት ሰርቪስ ክፍሎች አሉት፤ ዋጋው 3 ሚሊዮን 900 ሺህ ነው። ሁሉም ክፍል ሲከራይ በወር ከ20,000 ብር በላይ ያስገባል ተብለናል። ካርታውን ስንጠይቅ «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ አግኝተናል።

በወረቀት ላይ ስናሰላው ግቢው የሚያዋጣ ይመስላል። ባለቤቴ ግን «በሂደት ላይ» የሚለው ቃል አልተዋጠላትም። በዚህ ሥራ የቆያችሁ ሰዎች ከሁለቱ የትኛውን ትመርጡ እንደነበር፣ ከመግዛታችን በፊት ምን ማጣራት እንዳለብን፣ እንዲሁም ከተከራይ ጋር እንዴት መዋዋል እንደሚገባን ብታስረዱን ውለታችሁን አንረሳም።


መልስ — ጠበቃው

ባለቤትዎ ያልተዋጠላቸው ቃል ለማንም መዋጥ የሌለበት ቃል ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ እርስዎ የሚገዙት በላዩ ላይ ያረፈውን ቤትና በሕግ የታወቀውን የይዞታ መብት ነው። ይዞታው በሕግ ካልታወቀ የገዙት ብሎኬትና ቆርቆሮ ብቻ ይሆናል፤ እሱም ቢሆን በቦታው ለመቆየቱ ዋስትና የለውም። በከተማዋ ዙሪያ ከገበሬ ላይ በመንደር ውል ተገዝቶ የተሠራ፣ ሕዝቡ «የጨረቃ ቤት» የሚለው ግንባታ ብዙ ነው። ሸገር ከተማ በ2015 ሲመሠረት ሕገወጥ ናቸው የተባሉ በርካታ ቤቶች መፍረሳቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የመብራት ቆጣሪ መግባቱም ሆነ የግብር ደረሰኝ መኖሩ በራሱ ካርታን አይተካም።

ስለዚህ የለገጣፎውን ግቢ በሚመለከት ደላላውንም ሻጩንም መጠየቅዎን አቁመው መሬት አስተዳደሩን ይጠይቁ። እውነት ሂደት ካለ የፋይል ቁጥር አለው፤ ሻጩ ከእርስዎ ጋር ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ፋይሉን ለማስወጣት ፈቃደኛ ካልሆነ መልሱን አግኝተዋል ማለት ነው። አካባቢው የአዲስ አበባና የሸገር ከተማ አስተዳደሮች የሚዋሰኑበት በመሆኑ፣ ይዞታው በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሚገኝና ካርታ የመስጠት ሥልጣን የማን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ካርታ ቢኖር እንኳ ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ የሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ)፣ የሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ቀሪ አለበት ወይ፣ ዕዳ ወይም ዕግድ ተመዝግቦበታል ወይ፣ በመጨረሻም አራቱ ሰርቪሶች በግንባታ ፈቃዱ ውስጥ ተካተዋል ወይ የሚሉት መጣራት ይኖርባቸዋል። ይህ የመጨረሻው በአብዛኛው ይረሳል። ዋናው ቤት ሕጋዊ ሆኖ የኪራይ ገቢ የሚያመጡት ክፍሎች ግን ያለ ፈቃድ የተጨመሩ የሆኑባቸው ግቢዎች ጥቂት አይደሉም።

ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስመጣ፣ «ሁሉም የሚያደርገው ነው» የተባለው የውክልና አሠራር በርግጥም በስፋት የሚሠራበት ነው፤ በስፋት መሠራቱ ግን አስተማማኝ አያደርገውም። ውክልና ማለት ሌላ ሰው በእኔ ስም እንዲሠራልኝ የምሰጠው ፈቃድ እንጂ ንብረትን የማስተላለፊያ መንገድ አይደለም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ከሞተም ውክልናው ቀሪ ይሆናል። ያን ጊዜ እርስዎ ዕዳውን ሲከፍሉ የነበረው በሟች ስም ለተመዘገበ ቤት ሲሆን፣ የሚከራከሩትም ስለ ውሉ ከማያውቁ ወራሾች ጋር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ንብረት ከሆነ ደግሞ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ መሠረት የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል። ሻጩ «ባለቤቴ ውጭ አገር ናት፣ እሷን ተዋት» ካለዎት ቀብድ ሳይሰጡ ይመለሱ።

መፍትሔ የሌለው ነገር ግን አይደለም። በመጀመሪያ የተጠየቀው 4 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር የባንኩን ዕዳ የሚጨምር መሆን አለመሆኑን በግልጽ ይጠይቁ፤ ከጥያቄዎ እንደተረዳሁት ደላላው ዕዳውን በዋጋው ላይ ሊደርብብዎ የፈለገ ይመስላል። ቀጥሎም ሻጩ የቀረውን ዕዳ መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ከባንኩ እንዲያመጣ፣ ዕዳው ከሽያጩ ዋጋ ላይ ተቀንሶ እርስዎ በተገኙበት በቀጥታ ለባንኩ ገቢ እንዲደረግ፣ ካርታው በሻጩ ስም ከወጣና በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም ለ5 ዓመታት እንዳይተላለፍ የሚከለክለው ገደብ ማለፉ ከተረጋገጠ በኋላ ዋናው ውል በሰነዶች ማረጋገጫ እንዲፈጸም ይስማሙ። ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሻጩ በትክክል መሸጥ የፈለገ ከሆነ ይጠብቃል።


መልስ — የቱሉ ዲምቱዋ አከራይ

ጠበቃው ወንድማችን ስለ ወረቀቱ የተናገሩት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እኔ በዚያው በቱሉ ዲምቱ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ በእናቴም ግቢ ሁለት ሰርቪሶች ስለማከራይ በኑሮ ያየሁትን ልጨምር።

ደላላው የነገረዎት 16,000 ብር የሚከፈለው ቤቱ ተከራይ ባለበት ወር ነው። ሒሳብዎን መጀመር ያለብዎ ግን ቤቱ ባዶ ከሚሆንበት ወር ነው። እኔ ቤቴን እንደተረከብኩ ሳምንት ሳይሞላ ይከራያል ብዬ ነበር። የ20/80 ኮንዶሚኒየሞች (20 በመቶው በቅድሚያ፣ ቀሪው በባንክ ብድር የሚከፈልባቸው) ሲተላለፉ ወለላቸው ሲሚንቶ፣ ኩሽናቸው ባዶ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ለሴራሚክ፣ ለኩሽና ካቢኔትና ለመታጠቢያ ቤት ዕቃዎች ያወጣሁት ገንዘብ የመጀመሪያውን ዓመት ኪራይ ሙሉ በሙሉ በላው። ያም አልፎ ቤቱ ሁለት ወር ከግማሽ ባዶውን ተቀመጠ። መጥተው ያዩት ሰዎች ሁሉ ኩሽናውን አድንቀው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» በፈረቃ እንደሚመጣና አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ግፊቱ እንደማይደርስ ስነግራቸው አመስግነው ይሄዱ ነበር። ሮቶና ፓምፕ ካስገባሁ በኋላ በዘጠነኛው ቀን ተከራየ። ሰው ወደ ከተማዋ ዳር የሚመጣው በዋጋ ነው፤ የሚቆየው ግን በውሃና በትራንስፖርት ነው። ስለዚህ የሚገዙትን ቤት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብቻ አይተው አይወስኑ። በሥራ ቀን ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሄደው የታክሲውን ሰልፍ ይመልከቱ፤ ከጎረቤትም አንዷን እናት ስለ ውሃው ይጠይቁ። ሻጭ ስለ ውሃ እውነቱን ሲናገር ገና አልሰማሁም።

ተከራዩ ማን እንደሚሆን ከመግዛትዎ በፊት ያስቡበት። የቱሉ ዲምቱ ጥቅሙ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ በቅርብ መኖራቸው ነው። መምህራንና ቢሮ ሠራተኞች ባለ አንድና ባለ ሁለት መኝታ ይፈልጋሉ፤ የፋብሪካ ሠራተኞች ደግሞ ለሦስትና ለአራት ሆነው ሰርቪስ ይከራያሉ። ሰርቪስ በካሬ ሲሰላ ከኮንዶሚኒየም የበለጠ ያስገባል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አራት ሰርቪስ ማለት አራት ተከራይ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧና አንድ የመብራት ቆጣሪ ማለት ነው። የወሩ መጨረሻ ላይ ቢሉን ይዤ «ምድጃ የሚጠቀመው ማን ነው፣ ፍሪጅ ያለው ማን ነው» እያልኩ ስዳኝ ያሳለፍኩትን ጊዜ ለጠላቴም አልመኝለትም። በመጨረሻ ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ አስገባሁና ተገላገልኩ። ግቢው ውስጥ አብሮ የሚኖር ሰው ከሌለ ደግሞ ሰርቪስ አይተዳደርም፤ እርስዎ ሰሚት ሆነው ለገጣፎ ያለን ግቢ በስልክ ማስተዳደር አይችሉም። (በነገራችን ላይ ተከራይ ሆነው ያሳለፉትን አይርሱ። በር በሦስት ሰዓት ይዘጋል፣ እንግዳ አይደርም፣ ውሃ አታብዙ የሚሉ አከራዮች ተከራይ የማይበረክትላቸው በክፋታቸው ብቻ ሳይሆን ሥራውን ሥራ አድርገው ባለመያዛቸው ነው።)

ውሉን በሚመለከት፣ ከ2016 ወዲህ ጉዳዩ የሁለት ሰዎች ስምምነት ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል፤ በአዲስ አበባ ምዝገባው በወረዳ ይከናወናል። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት ሊያንስ አይችልም። ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይፈቀድም። ኪራይ መጨመር የሚቻለውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል ይፋ ባደረገው መጠን ነው፤ ክፍያው ደግሞ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ መፈጸም አለበት። ይህ ለጀማሪ አከራይ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ የሚቆርጡት ዋጋ ለረጅም ጊዜ አብሮዎት ይኖራል። ቤቱ እንዲያዝ ብቻ ብለው ከገበያው በታች ካከራዩ በመጪው ዓመት አስተካክለዋለሁ ማለት አይችሉም። እኔ በዚህ ተሳስቻለሁ፤ እስካሁንም በመጀመሪያው ዋጋ ዙሪያ እየተጎተትኩ ነው።

አንዳንድ አከራዮች ሁለት ውል ያዘጋጃሉ፤ አንዱን በዝቅተኛ ዋጋ ለወረዳ፣ ሌላውን በእውነተኛው ዋጋ ለመሳቢያቸው። አያድርጉት። ነገ ተከራዩ ኪራይ ሲያቋርጥ ፍርድ ቤት ይዘው የሚቀርቡት የትኛውን ነው?


መልስ — ሒሳብ ያዥ

ሁሉም መልካም ተናግረዋል፤ አንድ ያልተነሣ ነገር ግን አለ። 16,000 ብር በ12 ወር ሲባዛ 192,000 ብር ነው። አንድ ባዶ ወር፣ ለብሎኩ ጥበቃና ጽዳት የሚዋጣው፣ የደላላ፣ የጥገናና የኪራይ ገቢ ግብር ሲቀነስ 140,000 ብር ቢተርፍዎ ጥሩ ነው። ይህ በ4 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ላይ ሲሰላ 3 በመቶ ከፍ ያለ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጓል፤ ገንዘብዎ ምንም ሳይሠራ በቁጠባ ደብተር ቢቀመጥ በዓመት 308,000 ብር ይወልዳል። ውሃ የለም ብሎ በሌሊት የሚደውል ተከራይም የለበትም። ዓላማችሁ የዓመት ገቢ ብቻ ከሆነ ቤት መግዛት ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። በግዢው ላይ የሚከፈለውን 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥና ሌሎቹን የስም ማዛወሪያ ወጪዎች ገና አልቆጠርኩም።


መልስ — የቱሉ ዲምቱዋ አከራይ

ሒሳብ ያዥ፣ ቁጥርዎ ትክክል ነው፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን በ2016 ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በቁጠባ ደብተርዎ ያለው ብር ስንት ብረትና ስንት ሴራሚክ ይገዛ እንደነበር፣ ዛሬስ ስንት እንደሚገዛ አብረው ያስሉ። ቤት የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይገዛል፤ አንዱ ኪራይ ነው፣ ሌላው የገንዘቡን ዋጋ ማቆያ ነው። ጠያቂያችን ማወቅ ያለባቸው ሁለተኛው ትርፍ የሚገኘው ቤቱ በተሸጠ ዕለት ብቻ እንደሆነና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ደግሞ በየተርሙ የሚጠየቅ መሆኑን ነው። በኪራዩ ብቻ የትምህርት ቤቱን ወጪ ሙሉ በሙሉ እሸፍናለሁ ብለው አይቁረጡ።


መልስ — ጡረተኛው ፎርማን

ለ30 ዓመት ያህል በግንባታ ላይ ስለሠራሁ የምናገረው ስለ ግድግዳው ነው። በከተማችን ምሥራቅና ደቡብ ዳርቻ ሰፊ ቦታ የያዘው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ይህን አፈር አልፎ ጠንካራ መሬት ላይ ካላረፈ ወይም አፈሩ ተቆርጦ ወጥቶ በተመረጠ ገረጋንቲ ካልተተካ፣ ቤቱ በየዓመቱ ይነሣል ይወርዳል። ምልክቱ ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ነው። በልስኑ ላይ የሚታይ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር አያስፈራም፤ ሳንቲም የሚያስገባና በውስጥም በውጭም የሚታይ ስንጥቅ ግን ያስፈራል። አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ሲያዩ ከመደሰትዎ በፊት ለምን አሁን ተቀባ ብለው ይጠይቁ። በሮቹ ሲከፈቱ ወለሉን የሚፍቁ ከሆነም ቤቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

ቤት የሚታየው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በጥር የታየ ቤት ሁሉ ደረቅ ነው። ሰርቪሶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ያለ በቂ መሠረት ከአጥር ጋር ተያይዘው በመሆኑ፣ የጣሪያው ውሃ የት እንደሚወርድ ይመልከቱ፤ ወደ ጎረቤት ግቢ የሚወርድ ከሆነ ቤቱን ከነክሱ ገዙት ማለት ነው። ሴፕቲክ ታንኩ የት እንዳለ፣ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና እስከ በሩ መግባት መቻሉን ይጠይቁ፤ ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረ ጉድጓድ አሥር ሰው ሲጠቀምበት ምን ያህል ቶሎ እንደሚሞላ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። በለገጣፎ በኩል ለገዳዲ ግድብ ቅርብ ስለሆነ ውሃ አይጠፋም ብሎ የሚያባብል ሻጭም አጋጥሞኛል። ውሃው ከግድቡ በቀጥታ ወደ ጎረቤት ቧንቧ አይገባም፤ በፈረቃ የሚያከፋፍለው መስመሩ ነው።


ጥያቄ — ጀማሪው ከሰሚት (ከአንድ ወር ተኩል በኋላ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ተከትለን የደረስንበትን ላሳውቃችሁ። የግቢውን ሻጭ አብረን ወደ መሥሪያ ቤቱ እንሂድ ብንለው ለሦስት ቀጠሮ አልመጣም፤ በመጨረሻ ባለቤቴ ብቻዋን ሄዳ ስትጠይቅ በሻጩ ስም የተከፈተ ፋይል እንደሌለ ተነግሯታል። ግቢውን ትተነዋል። የኮንዶሚኒየሙ ሻጭ ግን በጠበቃው ሐሳብ ተስማማ። የቀረበት ዕዳ 310,000 ብር ሆኖ ተገኘ፤ ደላላው በርግጥም ከዋጋው በላይ ሊያስከፍለን አስቦ ነበር። ዕዳው ከዋጋው ተቀንሶ ለባንኩ ገቢ ሆኗል፣ ካርታው እስኪወጣ እየጠበቅን ነው።

የዛሬው ጥያቄዬ ስለ ተከራይ ነው። ከአሁኑ ሁለት ጠያቂዎች መጥተውልናል። አንደኛዎቹ አራት ጓደኛማቾች ላጤዎች ሲሆኑ 17,000 ብር እንከፍላለን፣ የስድስት ወር ቅድሚያም እንሰጣለን ይላሉ። ሁለተኛዎቹ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ናቸው፤ ባልየው በአቅራቢያው ይሠራል፣ አቅማችን 14,500 ነው ብለዋል። ደላላው ላጤዎቹን እንድንቀበል አጥብቆ ይመክረናል። ከገንዘባችን የቀረን 300,000 ብር አይሞላም፤ የስም ማዛወሪያው ከዚሁ የሚወጣ ነው። ስለዚህ የስድስት ወሩ ክፍያ ለማጠናቀቂያ ሥራው በጣም ይጠቅመን ነበር።


መልስ — የቱሉ ዲምቱዋ አከራይ

እንኳን ከግቢው ተረፋችሁ፤ ባለቤትዎን በእኔ ስም እጅ ይንሱልኝ።

የስድስት ወሩን ነገር ይርሱት፤ ከሁለት ወር በላይ ሕጉ አይፈቅድም። ሰዎቹ በፈቃዳቸው ቢሰጡ እንኳ ኋላ ቅር ባላቸው ቀን የተቀበሉት ገንዘብ በእርስዎ ላይ ማስረጃ ይሆናል። ደላላው የሚጨነቀውም ለእርስዎ አይደለም፤ ኪራዩ ከፍ ሲል ኮሚሽኑ ከፍ ይላል፣ ተከራይ ቶሎ ቶሎ ሲቀያየርም ደጋግሞ ያገኛል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በወር 2,500፣ በዓመት 30,000 ብር ነው። አራት ላጤዎች ሁለት ዓመት አብረው ይቆያሉ ብዬ አልገምትም፤ አንዱ ያገባል፣ አንዱ ሥራ ይቀይራል፣ የቀሩት ሁለቱ 17,000 መክፈል ያቅታቸዋል። ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ከሆነና አንድ ጊዜ ቀለም ከተቀባ የአንዱ ዓመት ልዩነት አለቀ። ቤተሰቡ ልጆቹን በአካባቢው ትምህርት ቤት ካስመዘገበ ግን በቀላሉ አይነቃነቅም። ላጤ ሁሉ ክፉ፣ ቤተሰብ ሁሉ ደግ ነው ማለቴ አይደለም። በጣም ያስቸገረኝ ተከራይ የሦስት ልጆች አባት ነበር፤ የአራት ወር የመብራት ቢል ሳይከፍል በሌሊት ዕቃውን ጭኖ ሄዷል። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ ሲገባ የቆጣሪውን ንባብ አልጻፍኩም፣ ዋስ አልጠየቅኩም። ስለዚህ ባልየው የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት ሄደው ያረጋግጡ፣ የፋይዳ መታወቂያቸውን ቅጂ ይያዙ፣ ከተቻለም ከዚህ በፊት የኖሩበትን ቤት አከራይ በስልክ ያናግሩ። ከቻሉ 15,000 ላይ ይስማሙ፤ ከላይ እንዳልኩት የመጀመሪያው ዋጋ ብዙ ጊዜ ይቆያልና።

ማጠናቀቂያው ላይ ገንዘብ ካጠረዎት የመኝታ ክፍሎቹን ሴራሚክ ይተዉትና ኩሽናውን፣ መታጠቢያ ቤቱንና ውሃውን ያስቀድሙ። ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ለእርስዎ 1,000 ሊትር ሮቶ ከፓምፕ ጋር ይበቃል፤ የት እንደሚቀመጥ ግን ከብሎኩ ማኅበር ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ግቢውና ኮሪደሩ የጋራ ስለሆኑ ያለ ስምምነት ያስቀመጡትን ነገ አንሣ ይሉዎታል። ለግብሩ ደግሞ የየወሩን የባንክ ደረሰኝና የጥገና ወጪ ሰነዶችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ። የኪራይ ገቢ ግብር የሚሰላው በሠንጠረዥ «ለ» ሲሆን፣ የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ የድሮውን ሠንጠረዥ ከሰው ተቀብለው አያስሉ፤ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ወረዳዎ ያለውን የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ቁልፉን በሚያስረክቡበት ዕለት ሁለታችሁም ሆናችሁ ቤቱን ክፍል በክፍል በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹን ንባብ ከነቀኑ በውሉ ጀርባ ጽፈው ተፈራረሙ፤ አንዱን ቅጂ ለእነሱ ይስጡ። የሮቶውን ክዳን ቁልፍ ግን ከእርስዎ ጋር ብቻ አያድርጉት፤ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል።